ካሜራውን ወደ ልጆቹ አዙሩት

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት የሚሰለጥኑ ተማሪዎች በተግባር ልምምድ ጊዜ ራሳቸውን በቪዲዮ እንዲያዩ ማድረግ ዛሬ የመሣሪያ ጉዳይ አይደለም። ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ ስልክ የሌለው ሰልጣኝ ብርቅ ነው። ጣጣው የሚመጣው ቪዲዮው ከተቀረጸ በኋላ ነው። ክብ ሠርተው ይቀመጡና «ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን» ይጀመራል። ጓደኞቿ በይሉኝታ «ድምጿ ጥሩ ነው፣ አለባበሷ ሥርዓት አለው» ይላሉ። አሰልጣኙ ክፍተት ይቆጥራል። ሰልጣኟ አንገቷን ደፍታ «ተቀብያለሁ፣ አስተካክላለሁ» ትላለች። ግምገማ ነው እንግዲህ፤ ሁላችንም የምናውቀው ግምገማ። ስለ ልጆቹ አንድ ቃል ሳይነሳ ሰዓቱ ያልቃል።

መፍትሔው ካሜራውን ከሰልጣኟ ላይ አንስቶ ወደ ልጆቹ ማዞር ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሰልጣኟ ከሆነች ወሬው ስለ ነጠላዋና ስለ ሰሌዳ አያያዟ ይሆናል። ልጆቹ ከሆኑ ግን ሁሉም አብሮ የሚያየው፣ አብሮ የሚገረምበት ነገር ይገኛል። የአንድ ሕፃን ጣት ቆርኪ ላይ ምን እንደሚሠራ መናገር ማንንም አያስቀይምም። የሰልጣኟ ሥራም ቢሆን የሚታወቀው ከልጆቹ ነው፤ ጥያቄዋ ጥሩ መሆን አለመሆኑን የሚነግረን የተጠየቀው ልጅ ፊት እንጂ የእሷ ፊት አይደለም።

በኮሌጆቻችን ማይክሮ ቲቺንግ የሚባለው ልምምድ መነሻው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1963 በድዋይት አለንና ባልደረቦቹ የተጀመረው አሠራር ነው፤ አጭር ትምህርት፣ ትንሽ ቡድን፣ ቀረጻ፣ ከዚያ እንደገና መሞከር። ለሁለተኛ ደረጃ መምህር ያገለግላል። ለሕፃናት መምህርት ግን አንድ የሚያስቅ ጉድለት አለበት፦ ተማሪ ሆነው የሚቀመጡት የራሷ ጓደኞች ናቸው። የ20 ዓመት ሰው የአራት ዓመት ልጅ መስሎ ቢቀመጥ አይሸናበትም፣ እናቱን ብሎ አያለቅስም፣ የጎረቤቱን ቆርኪ ወደ አፉ አይከትም። ስለዚህ ለዚህ ዘርፍ ዋጋ ያለው ቪዲዮ እውነተኛ ልጆች ባሉበት ክፍል የተቀረጸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የመጣው ቴሶ የተባለው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ፕራክቲከምን፣ ማለትም ትምህርት ቤት ወጥቶ የሚደረገውን የተግባር ልምምድ፣ የሥልጠናው ዋና አካል ካደረገ ወዲህ ሰልጣኞች ትምህርት ቤት መውጣታቸው አልቀረም። የሚቀረው ከወጡበት የሚመጣው ወሬ በቃል ብቻ መሆኑ ነው፤ «ልጆቹ በደንብ ተሳትፈዋል» የሚል።

ፈቃድ

ከሁሉ በፊት የወላጅ ፈቃድ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ አንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። ነገር ግን ሕጉ ባይኖርም የሰው ልጅ መቅረጽ ያለ ፈቃድ አይሆንም። ቅጹ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ምን እንደሚቀረጽ፣ ማን እንደሚያየው፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ ወላጁ ሐሳቡን ቢቀይር ለማን እንደሚናገር። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ልጁን ሊያደርስ ወይም ሊወስድ ሲመጣ በር ላይ በቃል ይነገራል፤ ጣት አሻራም ይበቃል። ወላጆች በብዛት የሚፈሩት አንድ ነገር ነው፤ «ቲክቶክ ላይ ይወጣል ወይ?» እሱን ሳይጠይቁ አስቀድሞ መመለስ ያስፈልጋል። «ስልክ ላይ አይለቀቅም፣ ቴሌግራም ላይ አይላክም፣ ከእኛ ክፍል አይወጣም» ብሎ ቁርጡን መናገር ከሦስት አንቀጽ ማብራሪያ ይሻላል።

ወላጁ እምቢ ያለ ልጅ ከክፍል አይወጣም፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚሠራ ስሕተት ነው። ካሜራው የማያየውን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ማስመርና ልጁን ከሁለት ሦስት ጓደኞቹ ጋር እዚያ ማስቀመጥ ይበቃል። ብቻውን ካስቀመጡት ቅጣት ይመስለዋል። ልጆቹንም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ካሜራ ሲያይ ፊቱን የሚሸፍን ልጅ መልሱን ሰጥቷል።

ስልኩ የት ይቀመጥ

ሰው ይዞ የሚዞርበት ቀረጻ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቀራጩ ሳያውቀው መምህርቷን ይከተላል፣ ልጆቹም ቀራጩን ይከተላሉ። ስልኩ አንድ ቦታ ተተክሎ ይቅር። ትራይፖድ ከሌለ ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ወይም ባቄላ የገባበት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት አበጁ፤ ስልኩ ከረጢቱ ላይ ይሰምጥና አይንሸራተትም፣ አቅጣጫውን በእጅ ጫን በማድረግ ማስተካከል ይቻላል። ጣል የሚደረገው የመስኮት ደፍ ላይ ነው። ለዚህ ምክንያት አለው፦ ብርሃኑ ከካሜራው ጀርባ መምጣት አለበት። በግድግዳው በአንድ በኩል ብቻ ትናንሽ መስኮት ባላቸው የጭቃ ክፍሎች ስልኩን ወደ መስኮቱ አዙሮ የቀረጸ ሰው የሚያገኘው የልጆች ጥላ ብቻ ነው። ልጆቹ ምንጣፍ ወይም ሰሌን ላይ የሚቀመጡ ከሆነ የመስኮቱ ደፍ ከፍ ይላል፤ ያኔ አነስተኛ ወንበር ወይም ሁለት ብሎኬት ይበቃል፤ የተቀመጠ ልጅ ዓይን የሚደርስበት ከፍታ ማለት ነው። ከላይ የተቀረጸ ቪዲዮ አናት እንጂ ፊት አያሳይም።

አቀማመጡ ከክፍሉ ፊት ለፊት ጥግ ነው፤ ከሰሌዳው አጠገብ፣ ወደ ልጆቹ ዞሮ። ሰልጣኟ በከፊል ከጎኗ ወይም ከጀርባዋ ትታያለች፤ ይበቃታል። ስልኩ ይጋደም፤ ቁመቱን ይዞ የተቀረጸ ጠባብ ምስል ሦስት ልጅ እንኳ አይዝም። የክፍሉን ልጆች ሁሉ ለመያዝ አትድከሙ። ከ50 በላይ ልጅ የሚታጨቅበት የ«ኦ» ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው) በየገጠሩ አለና ሁሉን የያዘ ምስል ማንንም አያሳይም። ከስድስት እስከ ስምንት ልጅ ያለበት አንድ ጠርዝ ይበቃል፤ ለዚያውም ከፊት ሳይሆን ከመሐልና ከኋላ። የፊት ረድፍ ልጆች ሁልጊዜ ጎበዝ ናቸው፤ እነሱን ቀርጾ መደሰት ቀላል ነው።

የጥራቱ መጠን 720 ይሁን። 1080 ለዓይን ያምራል፣ ግን ፋይሉ እጥፍ ገደማ ይሆናል። በ720 አንድ ደቂቃ በስልኩ ዓይነት ከ60 እስከ 100 ሜጋ ባይት ይወስዳል፤ 15 ደቂቃ ከአንድ ጊጋ ብዙም አይርቅም። ስልኩ ፍላይት ሞድ ላይ ይሁን፤ መሐል ላይ ስልክ ተደውሎ የተቆረጠ ቀረጻ ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥም የሠራበት ያውቀዋል። ቻርጁን ማታ መሙላት ነው። ጠዋት ላይ መብራት ይኖራል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው።

ድምፅ ከምስሉ ይልቅ ያስቸግራል። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ወይም በረዶ ሲወርድ ስልኩ የሚሰማው እሱኑ ብቻ ነው። የጎረቤት ክፍል «ሀ ሁ ሂ ሃ» በኅብረት ሲጮህ ግድግዳው ምንም አይከለክል። የደብረ ብርሃን ንፋስም ክፍት መስኮት ላይ የተቀመጠ ስልክ ማይክ ውስጥ እየነፋ ሌላ ድምፅ ያጠፋል። የሚሻለው ሁለተኛ ስልክ የድምፅ መቅጃ ከፍቶ በሰልጣኟ የጋዋን ደረት ኪስ ማስገባት ነው፤ ማይኩ ያለበት ጫፍ ወደ ላይ ይሁን፤ ወደ ታች ከሆነ የጨርቅ መፋተግ ብቻ ይሰማል። ሁለቱም መቅረጽ ከጀመሩ በኋላ ሰልጣኟ አንድ ጊዜ ጮክ አድርጋ ታጨብጭብ፤ በኋላ ምስሉንና ድምፁን ለማገጣጠም ያቺ ጭብጨባ ምልክት ትሆናለች።

ልጆች ካሜራ ሲያዩ ካሜራ ማየታቸው አይቀርም። የተዘጋ ስልክ ከከረጢቱ ጋር ሁለት ሦስት ቀን እዚያው ቦታ ይቀመጥ። አንድ ቀን ራሳቸውን እንዲያዩ አሳይዋቸው፣ ይሳቁ፣ ይለፍላቸው። በቀረጻው ቀንም የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ለመጣል ተዘጋጁ።

ሦስት ደቂቃ ይበቃል

የ40 ደቂቃ ትምህርት ሙሉውን ተቀምጦ ማየት ጊዜ ማባከን ነው፤ ከሰባተኛው ደቂቃ በኋላ የሚያየው የለም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀርጾ ከዚያ ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ቅንጭብ ማውጣት ነው። የምትመርጠው ሰልጣኟ ራሷ ናት። መጀመሪያ ብቻዋን ትየው። ራሱን በቪዲዮ ያየ ሰው በመጀመሪያው ዙር የሚያየው ጸጉሩን ነው፣ የሚሰማው ድምፁ መቅጠኑን ነው። ያ እስኪያልፍላት ማንም አጠገቧ አይሁን። በሁለተኛው ዙር «ልጁ ያልጠበቅሁትን ያደረገበት ቦታ የቱ ነው?» ብላ ትፈልግ፣ ደቂቃና ሰከንዱን ትጻፍ። ጥሩ ያስተማረችበትን ቦታ ምረጪ ከተባለች ሁሉም «ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» ያለችበትን ታመጣለች።

ሀብታም ቅንጭብ በብዛት የሚገኘው ከትምህርቱ መሐል ሳይሆን ከመሸጋገሪያው ነው፦ ከምንጣፍ ተነሥተው ወደ ጨዋታ ማዕዘን ሲሄዱ፣ እጅ ሊታጠቡ ሲሰለፉ፣ ቆርኪ ሲታደል። ሰልጣኞች በትምህርት ዕቅዳቸው ላይ እነዚህን ደቂቃዎች አይጽፉም፤ ልጆቹ ግን ከቀኑ ቀላል የማይባለውን ክፍል የሚያሳልፉት እዚያ ነው።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር እንይ። ሰልጣኟ አምስት ቆርኪ ደርድራ «ስንት ናቸው?» ትለዋለች። ልጁ በጣቱ እየነካ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት» ይላል። «ጎበዝ!» ይጨበጨባል፣ ወደ ቀጣዩ ልጅ። በክፍሉ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉም ነገር ደህና ነው። ቪዲዮውን በቪኤልሲ ማጫወቻ ወደ 0.5 ፍጥነት አውርዳችሁ ስታዩ ግን ጣቱ ሁለተኛውን ቆርኪ ሁለት ጊዜ ነካና አምስተኛውን ሳይደርስ ቀረ። ቃሉ ትክክል ወጣ፣ ቆጠራው አልተካሄደም። ልጁ የቁጥሮቹን ስም በተርታ ያውቃል፤ አንድ ቃል ለአንድ ዕቃ የሚለው ግን ገና አልያዘም። ሁለቱ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው፣ የሚመጡትም በተለያየ ጊዜ ነው። መልሱ ልክ ስለሆነ ሰልጣኟ ልትይዘው አልቻለችም፤ ደግሞም በዚያች ሰከንድ ዓይኗ ከኋላ የሚጋፉት ላይ ነበር፤ ልትወቀስ አይገባም። የሚቀጥለው ሥራ ከዚህ ይወጣል፦ ልጁ የቆጠረውን ቆርኪ ወደ ጎን እያንሸራተተ ይቁጠር፣ ከዚያ «እስቲ ሦስት ስጠኝ» ይባል። ስጠኝ ሲባል ያለውን ሁሉ አፍሶ የሚሰጥ ልጅ የመጨረሻው ቁጥር የጠቅላላው ብዛት ስም መሆኑን ገና አላገኘውም።

ያየሁትና የመሰለኝ

ለውይይቱ ከአራት እስከ ስድስት ሰውና 45 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ወረቀት ከመሐሉ ይሰመርና በአንዱ ወገን «ያየሁት»፣ በሌላው «የመሰለኝ» ይባላል። ቅንጭቡ መጀመሪያ ያለ ንግግር አንድ ጊዜ ይታያል። ሁለተኛ ዙር እያንዳንዱ ሰው አንድ ልጅ ይያዝና ከሱ ዓይኑን አይንቀል። ሦስተኛ ዙር ድምፁ ይጥፋ። ድምፅ የሌለው ቪዲዮ የሚገርም ነገር ያወጣል፤ «አዎ መምህር!» የሚለው የኅብረት ጩኸት ሲጠፋ ማን አፉን እንዳላንቀሳቀሰ ይታያል። «ገባችሁ?» «አዎ!» የሚለው ልማዳችን ስንት ልጅ እንደሚደብቅ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

«ያየሁት» የሚለውን መሙላት ከሚታሰበው በላይ ይከብዳል። «ልጁ ደብሮታል» ያየሁት አይደለም። «ልጁ ሁለት እጁን እጅጌው ውስጥ ከቶ ተቀምጧል፤ ሁለት ጊዜ ወደ በሩ አየ» ያየሁት ነው። አሁን «የመሰለኝ» ላይ አንድ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ግምት ይጻፍ። ደብሮት ይሆናል። ወይም በኅዳር ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በደብረ ብርሃን ብርድ እጁን ከእጅጌው ማውጣት አልፈለገም፤ ጠመኔ ያዝ ማለት ለሱ ቅጣት ነው። ወይም በሩ ላይ የቀረችውን ታላቅ እኅቱን እየፈለገ ነው። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ግድም ከሆነ ሌላ ግምት ይጨመራል፦ ቤቱ የሚሰማው ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ ሆኖ ጥያቄው ራሱ አልገባው ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ቪዲዮው አይነግርም። ሰልጣኟ ነገ ክፍል ስትገባ ምን ብታደርግ እንደሚለይ ግን መነጋገር ይቻላል፤ ለምሳሌ ያን ልጅ ፀሐይ ካለበት መስኮት ሥር ማስቀመጥና እንደገና ማየት።

ተሳትፎን በስሜት ሳይሆን በደረጃ ለመናገር የሚረዳ መለኪያም አለ። በቤልጅየም ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ፈር ላቨርስ ያዘጋጀው የልጆች ደኅንነትና ተመስጦ ሚዛን ከ1 እስከ 5 ይሄዳል። 1 ማለት ልጁ ምንም አይሠራም ወይም ባዶ ቦታ ላይ አፍጧል፤ 3 ማለት ይሠራል ግን ትንሽ ነገር ያቋርጠዋል፤ 5 ማለት ጥሩምባ ቢነፋ እንኳ ቀና አይልም። አንድን ልጅ ሁለት ደቂቃ ያህል አይቶ ደረጃ መስጠት ይቻላል። ሁለት ሰልጣኞች ለአንድ ልጅ አንዷ 2፣ ሌላዋ 4 ብትሰጥ እዚያ ላይ ቆሙ፤ ውይይት የሚባለው እሱ ነው። ቁጥሩን ለማስታረቅ አትቸኩሉ።

መቁጠርም ይጠቅማል። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ጥያቄ ተጠየቀ፣ ከነዚያ ስንቱ በ«አይደል?» አለቀ፣ ስንቱ «እንዴት አወቅህ?» ዓይነት ነበር፣ የስንት ልጅ ስም ተጠራ፣ ከነሱ ሴቶች ስንት ናቸው። በስልክ የሰዓት ቆጣሪ ደግሞ ከጥያቄው መጨረሻ እስከ ሰልጣኟ ቀጣይ ቃል ያለው ጊዜ ይለካ። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ እንዳሳየችው መምህራን በአብዛኛው አንድ ሰከንድ ያህል እንኳ አይቆዩም፤ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያደርሱት የልጆች መልስ ይረዝማል፣ ዝም ይሉ የነበሩትም ይናገራሉ። ሦስት ሰከንድ በክፍል ውስጥ ለቆመ ሰው የዓመት ያህል ይረዝማል። ቪዲዮ ላይ ግን ምንም አለመሆኑ ይታያል፤ ሰልጣኞች መጠበቅ የሚችሉት ይህን በዓይናቸው ካዩ በኋላ ነው።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። አንደኛው አሰልጣኙ ቀድሞ ሲናገር ነው። እሱ ከተናገረ በኋላ ሁሉም የሱን ይደግማል፤ መምህር ያሉትን ማን ይቃወማል? ስለዚህ አሰልጣኙ እስከ 20ኛው ደቂቃ ከጥያቄ በቀር ምንም አይበል፤ ጥያቄውም «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» አይሁን። «ለምን» በኛ አገር ተጠያቂ ማድረግ ነው፤ ሰልጣኟ ምክንያት መደርደር ትጀምራለች። «እዚህ ላይ ምን አየሽ?»፣ «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»፣ «ከነዚህ ሦስት ደቂቃዎች 30 ሰከንድ ብትደግሚ የቱን?» የሚሉት ይሻላሉ። ሁለተኛው ብልሽት ማርክ ነው። ቅንጭቡ ነጥብ ካለው የሚመጣው ቪዲዮ ተለማምዶ የተቀረጸ ትዕይንት ይሆናል፤ ልጆቹ መልሱን ከጥያቄው በፊት ያውቁታል። ነጥብ የግድ ከሆነ ለቅንጭቡ ሳይሆን ከውይይቱ በኋላ ለጻፈችው ገጽና ለሚቀጥለው ሙከራ ይሁን። ሦስተኛው ከውጭ አገር የመጣ ቪዲዮን አርአያ ማድረግ ነው፤ 15 ልጅ፣ ሁለት መምህርት፣ ምንጣፉ የሚያበራ። ሰልጣኞቹ የሚማሩት «እኛ ጋ አይቻልም» የሚለውን ብቻ ነው። የቆርኪና የጠጠር ክፍል ቪዲዮ፣ ከነጫጫታው፣ ይበልጣል።

ጉድለት ብቻ መፈለግም አያዋጣም። በኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሀሪ ቢማንስና ባልደረቦቹ ያዳበሩት በቪዲዮ የማገዝ አሠራር የሚመርጠው ግንኙነቱ የተሳካበትን አፍታ ነው፤ ሰውዬው የሚያድገው አንዴ በሠራለት ነገር ላይ ተነሥቶ ነው ከሚል። ይህን እንዳለ መውሰድ ግዴታ አይደለም፣ ግን ከአንድ የሚያከራክር ቅንጭብ ጋር አንድ የተሳካ አፍታ ማሳየት፣ እሱም ልጁ ቀና ብሎ ሰልጣኟን ያየበት አምስት ሰከንድ ቢሆን፣ ይሉኝታ የሌለበት ምስጋና ይሰጣል፤ ምስሉ ራሱ ምስክር ነውና።

ከውይይቱ አንድ ትንሽ ለውጥ ብቻ ይዛ ትውጣ። «የልጆች ተሳትፎ እጨምራለሁ» ለውጥ አይደለም፤ «ከጥያቄ በኋላ በልቤ እስከ ሦስት ቆጥሬ የኋላ ረድፍ ልጅ እጠራለሁ» ለውጥ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ተመሳሳይ ሥራ፣ ተመሳሳይ ሰዓት፣ ስልኩ እዚያው ደፍ ላይ፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ። ሁለቱን ቅንጭቦች ጎን ለጎን ማየት ከማንኛውም አስተያየት በላይ ይናገራል፤ ከሳምንት በላይ ከዘገየ ግን ልጆቹም እሷም ሌላ ቦታ ናቸውና ንጽጽሩ ይጠፋል።

ፋይሎቹ ከሰልጣኟ ስልክ ወደ አንድ ፍላሽ በኬብል ይገለበጡና ከስልኩ ይጥፉ። ጋለሪውን ብቻ ሳይሆን የተሰረዙ የሚቀመጡበትን ማኅደርና የጎግል ፎቶንም ተመልከቱ፤ አውቶማቲክ ባክአፕ የበራበት ስልክ ፍላይት ሞዱ ሲጠፋ ሁሉንም ወደ ኢንተርኔት ይልካል። ፍላሹ በፖስታ ውስጥ፣ በቁልፍ። ፖስታው ላይ የሚጻፈው የሰልጣኟ ስም ሳይሆን ቁጥርና ለወላጅ የተነገረው የማጥፊያ ቀን ነው። ቀኑ ሲደርስ ሁለት ሰው ባለበት ይሰረዛል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ።